የእሁድ ውሃ

ጥር 4 ቀን 2017፣ እሁድ

ይህን ደብተር ፋብሪካው ነው ያሳተመው። ሽፋኑ ላይ አረንጓዴ ቅጠል አለ፤ ከቅጠሉ ሥር «ለዘላቂ ነገ» ይላል። ቃሉን የመረጥኩት እኔ ስለሆንኩ መሳቅ አልችልም። ለአከፋፋዮች ታድሎ የተረፈው ቢሮዬ ውስጥ ተቆልሏል። አንዱን ለራሴ አደረግኩት።

የዘላቂነት ሥራ አስኪያጅ ከሆንኩ ስምንት ወር አለፈኝ። ከዚያ በፊት አሥራ አራት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ። ፋብሪካው ውሃ ያሽጋል፤ እኔ ደግሞ ውሃውን ከምድር ሲያወጣ ጎረቤቱን እንዳይጎዳ እከታተላለሁ። ለአባዬ እንዲህ ብዬ ነበር ያስረዳሁት። እሱ ሠላሳ ስምንት ዓመት በውሃ መሥሪያ ቤት ሲቆፍርና ሲለካ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። «ጥሩ ሥራ ነው፣ ከሠሩት» አለኝና ሬዲዮኑን ከፈተ።

ዛሬም እንደ ልማዴ ከቅዳሴ መልስ ከሾፌሩ ከለማ ጋር ድሬ ጠያራ የሚባለው መንደር ወርጄ የሽማግሌውን የኦቦ ዘከሪያን ጉድጓድ ለካሁ። ፒካፑ ሌላውን ቀን ሁሉ ዕቃ ስለሚያመላልስ ለእኔ የሚተርፈኝ እሁድ ብቻ ነው። ሜትሩን ወደ ታች ለቀቅኩት፤ ጫፉ ውሃ ሲነካ ጢጥ አለ። አሥራ አንድ ሜትር ከሃያ። ባለፈው ሳምንትም ያው ነበር። እሁድ እዚያ ጸጥታው ደስ ይላል። ከማሽላው ማዶ ያለው የፋብሪካው ፓምፕ እንኳ አይሰማም።

ጥር 8፣ ሐሙስ

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ዮናስ ቢሯቸው ጠሩኝ። ሁለተኛ የምርት መስመር ሊተከል ነው። ባንኩ ግን አንድ ሰነድ ይፈልጋል፦ በአካባቢው ያሉ ጉድጓዶች በፋብሪካው ምክንያት እንዳልጎደሉ የሚያሳይ፣ በዘላቂነት ሥራ አስኪያጅ የተፈረመ።

«በእኔ ፊርማ አይሆንም ብለዋል፤ በአንቺ ነው» አሉና ሳቁ። «ይቺ ሴት ምን ትሠራለች ሲሉኝ የነበሩት ሰዎች አሁን መልሱን ያገኛሉ።»

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ስምንት ወር ሙሉ ችግኝ አስተክዬ ፎቶ ከማስነሳት ያለፈ ነገር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የበሩ ዘበኞች ፀሐይ የሚለውን ስሜን ትተው «ዘላቂ» ነው የሚሉኝ። «ዘላቂ መጣች፣ ክፈት» ይባባላሉ። ዛሬ ማታ ስወጣ ቀና ብዬ ነው ያለፍኳቸው።

ጥር 18፣ እሁድ

አሥራ አንድ ከሃያ።

ኦቦ ዘከሪያ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ጉድጓዱን አባታቸውና የአባታቸው ወንድሞች በእጃቸው ነው የቆፈሩት፤ አሥራ ስምንት ሜትር ይጠልቃል፣ ሠላሳ ቤት ይቀዳበታል። ሁልጊዜ ማንጎው ሥር ቁጭ ብለው ስለካ ያዩኛል። ዛሬ ጽፌ ስጨርስ፣

«ልጄ፣ አንቺ ሁሌ እሁድ ነው የምትመጪው። እስቲ አንድ ረቡዕ ነይ» አሉኝ።

«ረቡዕ መኪና የለም፣ ኦቦ።»

«ኢንሻአላህ ይገኛል።»

ሌላ አልጨመሩም። ማንጎው ቅርንጫፍ ላይ የተጠቀለለ ገመድ ተሰቅሏል። በመጣሁ ቁጥር እዚያው ነው። የአህያ መጫኛ ይሆናል። ጥላው ሥር ቆሜ ስጽፍ ጫፉ ትከሻዬን ይነካኛል።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ረቡዕ አለፈ። መኪናው ጅግጅጋ ነበር። ጠይቄ አይደለም፤ ረቡዕ ረቡዕ ጅግጅጋ እንደሚሄድ ስለማውቅ ነው።

የካቲት 2፣ እሁድ

አሥራ አንድ ከሃያ አምስት። አምስት ሳንቲ ሜትር ምንም ማለት አይደለም።

ጉድጓዱ ዙሪያ ሰው እንደ ጉድ ነበር። ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ልጆች ይታጠባሉ፣ ቢጫ ጀሪካኑ ተሰልፏል። ለማ «እሁድ እዚህ ሰርግ ነው የሚመስለው» አለ። የኦቦ ዘከሪያ ምራት ሀያት እጇ እስከ ክርኑ አረፋ ሆኖ ሳቀችልኝ። ሞልቶ የሚፈስ ጀሪካን አጠገብ እንደቆመች ፎቶ አነሳኋት። ለሰነዱ ሽፋን የሚሆን ፎቶ ነው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ትሰበሰባላችሁ?» አልኳት።

«እሁድ ካልቀዳን መቼ ልንቀዳ ነው እህቴ?»

በሥራ ቀን ጫቱና ገበያው ፋታ ስለማይሰጣቸው ይመስለኛል።

ሜትሩን ለመመለስ ፋብሪካ ስንገባ ዘበኞቹ ፀሐይ ይሞቃሉ። ትልቁን ፓምፕ «አውሬው» ነው የሚሉት። አንደኛው ለጓደኛው «ይቺ እኮ የምትለካው አውሬው ሲተኛ ነው» ሲል ሰማሁት። ሁለቱም ሳቁ። ምን እንዳሳቃቸው አልጠየቅኩም።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ቤታችን ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ነው። ዛሬ በዘጠነኛ ቀኑ የእኛ ሰፈር ፈረቃ ደርሶ ውሃ መጣ። አባዬ እንደ ድሮው ሮቶውን በጣቱ አንጓ ከላይ እስከ ታች ያንኳኳል፤ ድምፁ የሚቀየርበት ቦታ ላይ እጁን አሳርፎ «እዚህ ደርሷል» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም።

እያንኳኳ፣ ፊቱን ሳያዞር ጠየቀኝ።

«ያንን ጉድጓድ በየትኛው ቀን ነው የምትለኪው?»

«በየሳምንቱ ነው አባዬ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

ስልኬ ጠራ። ቀላል ጥሪ ነበር፣ መልሼ ልደውል እችል ነበር። አንስቼ ወደ ውጭ ወጣሁ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ሰነዱ። ሠላሳ ሁለት ገጽ። ሰንጠረዥ ሦስት፣ ገጽ አሥራ አራት፦ የውሃ ከፍታ ልኬት። የቅጹ ዓምዶች ቀን፣ ሰዓት፣ ሜትር። የቀኑ ስም አይጠየቅም። በፈረንጅ አቆጣጠር ቁጥሩን ብቻ ደረደርኩት። ምሳ አልበላሁም። አቶ ዮናስ ሦስት ጊዜ ደወሉ።

ሠላሳ አንድ መስመር፣ ሁሉም አሥራ አንድ ሜትር ከምናምን። ሲያዩት ያምራል።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ሆዴን አሞኛል ብዬ አስፈቀድኩ። ሜትሩን በዘንቢል ይዤ ሸዋ በር ወርጄ ሚኒባስ ያዝኩ። ከወረድኩ በኋላ የቀረውን መንገድ በባጃጅ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ሰንጠረዡን ለማሟላት የሚል ነበር። ሰንጠረዡ ግን ሙሉ ነው።

ባጃጁ ሞተሩን ሲያጠፋ ሌላ ሞተር ሰማሁ። ከማሽላው ማዶ ነው። እግሬ ሥር ያለው መሬት የሚንቀጠቀጥ መሰለኝ፤ ምናልባት ፍርሃቴ ይሆናል።

ጉድጓዱ ዙሪያ ሀያት ብቻ ነበረች። ትስባለች፣ ትስባለች፣ ገመዱ አያልቅም። መሐሉ ላይ ወፍራም ቋጠሮ አለው። ቀና ብዬ ማንጎውን አየሁ። ቅርንጫፉ ባዶ ነው። እኔ የአህያ መጫኛ ያልኩት፣ ሰባት ወር ትከሻዬን ሲነካኝ የነበረው ገመድ፣ የጉድጓዱ ቅጥያ ነው። ሰኞ ከጉድጓዱ ገመድ ጋር ይቋጥሩታል፤ ቅዳሜ ማታ ፓምፑ ሲቆም ውሃው መመለስ ስለሚጀምር እሁድ ፈትተው ይሰቅሉታል። ባልዲው ወጣ። ከሥሩ ጭቃ ነው፤ ከላዩ የአንድ ጣሳ ያህል ውሃ ተንሳፍፏል። ሀያት ሻሿን አጥፋ አጠለለችው።

ለካሁ። አሥራ ስድስት ሜትር ከሰባ። ደግሜ ለካሁ። ሦስተኛ ለካሁ። ከታች የቀረው ከደረቴ የማይበልጥ ውሃ ነው፣ እሱም ጭቃ ነው።

ኦቦ ዘከሪያ ወጥተው አጠገቤ ቆሙ። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ላላሉኝ ነገር ሁሉ በመንገድ ላይ መልስ እያዘጋጀሁለት ነው የመጣሁት። እሳቸው ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣

«አልሀምዱሊላህ። እኛ የምናውቀውን አሁን አንቺም አወቅሽ» አሉ።

ፊታቸው ላይ እፎይታ ነበር። ነገሩ ያለቀ መስሏቸዋል። ቁጣው ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ነገርኳቸው። አቶ ዮናስ አልጮሁም። ጩኸት የሚወዱ ሰው አይደሉም፤ አባዬ ጉልበቱን ሲታከም ሆስፒታል ድረስ መጥተው የጠየቁን እሳቸው ናቸው። በሩን ዘግተው ሻይ አስመጡልኝ።

«የእሁዱን ቁጥር ፈጥረሽዋል?»

«አልፈጠርኩም።»

«ሜትሩ የተበላሸ ነው?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው ማንም ዋሸሽ አይልሽም። ሠላሳ አንድ ልኬት በአንድ ረቡዕ ይፈርሳል? አንቺ የሳይንስ ሰው ነሽ።»

«ፓምፑ ሲሠራና ሲያርፍ ለየብቻ መለካት ነበረበት፣ አቶ ዮናስ።»

«ትለኪዋለሽ። መስመሩ ከተተከለ በኋላ መኪና እመድብልሻለሁ። መንደሩም ቧንቧ ይገባለታል፤ ቃሌ ነው። ስልሳ ሰው ሥራ ሊይዝ ነው፣ ፀሐይ። የአንቺ ሥራ ፋብሪካውን ማቆም አይደለም፤ እየሄደ እንዲስተካከል ማድረግ ነው።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ልክ ናት። እኔም ሥልጠና ላይ ለሌሎች ስናገራት ነበር።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ገጽ አሥራ አምስት ላይ «በሥራ ቀናት ተጨማሪ ልኬት ያስፈልጋል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሬ ነበር። ታትሞ ሲመጣ የለም። እንደሌለ አየሁ።

ፈረምኩ።

የካቲት 30፣ እሁድ

አሥራ አንድ ከሃያ። ረመዳን ስለገባ ጉድጓዱ ዘንድ ሳቁ ቀንሷል። ኦቦ ዘከሪያ ከንፈራቸው ደርቋል፤ እኔም ሁዳዴ ይዣለሁ፣ ግን የእኔ ጾም እሁድ ውሃ አይከለክልም።

«ወረቀቱን ላክሽው?»

«ላክሁት፣ ኦቦ።»

«ረቡዕንም ጽፈሽበት?»

ሜትሩን ለመጠቅለል ጎንበስ አልኩ። የተጠቀለለውን ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኩት። ቀና ስል ለሶላት ተነስተው ሄደዋል። መልሱን ሳይጠብቁ ይሁን አግኝተውት አላውቅም።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ባንኩ ተስማማ። ስብሰባ ነበር፤ ለእኔ ተጨበጨበልኝ። ሀያት በሽፋኑ ላይ ትስቃለች።

ከዚያ የምርት ክፍል ኃላፊው ተነሳ። አዲሱ መስመር እስኪተከል ያለውን ፓምፕ እሁድንም ጨምረን ብናሠራው የበዓሉን ፍላጎት እናሟላለን አለ። አንድ ሰው ጉድጓዶቹስ ብሎ ጠየቀ። ኃላፊው ሰነዱን ገልጦ፣

«ገጽ አሥራ አራትን እዩት። ሰባት ወር ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ይሄ ጉድጓድ ይችላል» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አቶ ዮናስም ዞሩ፤ እሳቸው የሚያውቁትን ያውቃሉ። በዚያች ደቂቃ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። «እሁድ» ማለት ብቻ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ካለው የራሳችን ጠርሙስ ውሃ ጠጣሁ።

ውሳኔው ከእሁድ መጋቢት 14 ጀምሮ እንዲሆን ነው።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ለአቶ ዮናስ ልናገር ሁለት ጊዜ ሄድኩ። አንዴ ስልክ ላይ ነበሩ። አንዴ ብቻቸውን ነበሩ። ስለ ችግኝ ጠይቄያቸው ተመለስኩ።

መጋቢት 14፣ እሁድ

ለማ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባ ነፋ። ራሴን አሞኛል ብዬ ላክሁበት። አባዬ መስኮቱ ዘንድ ቁጭ ብሎ መኪናው እስኪዞር አየው። ቀጥሎ እኔን አየኝ። «ክኒን ላምጣልሽ?» አለ። አያስፈልግም አልኩት።

ቀኑን ሙሉ ተኝቼ ጣሪያ ሳይ ዋልኩ። ዛሬ ብለካ ስንት ይለኝ እንደነበር አውቀዋለሁ።

መጋቢት 21፣ እሁድ፣ የኢድ ዕለት

እንኳን አደረሳችሁ ማለት ነውር የለውም ብዬ ሄድኩ። አንድ ኪሎ ተምር ይዣለሁ። ሜትሩን አልያዝኩም። በሸዋ በር ነጭ የለበሰ ሰው ሞልቶ ሚኒባሱ በግድ አለፈ።

ከባጃጅ ስወርድ ፓምፑ እየሠራ ነው። በእሁድ ቀን እዚያ ቦታ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ማንጎው ላይ ገመድ የለም። ጉድጓዱ ዙሪያ ሰው የለም፤ ጀሪካኖቹ አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ላይ ተኝተዋል። ሀያት አዲስ ልብስ ለብሳለች፣ የልጇ ፊት ግን በትላንቱ አቧራ ነው። ተምሩን ተቀብላ አመሰገነችኝ። ፈገግ አለች፤ የሽፋኑን ዓይነት ፈገግታ አይደለም።

ኦቦ ዘከሪያ ደጃፋቸው ላይ አስቀመጡኝ። ለኢድ ሶላት ገላን መታጠብ እንዳለ አውቃለሁ፤ ሐረር ተወልዶ ይህን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። በጣታቸው መሐል ነጭ አፈር አለ።

«ዛሬ በተየሙም ነው የሰገድነው። ውሃ ሲታጣ በንጹሕ አፈር ይቻላል፤ ዲናችን ፈቅዷል። ግን ወላሂ፣ ይሄን ያህል ዓመት ኖሬ በኢድ ቀን፣ በአባቴ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሜ፣ አድርጌው አላውቅም።»

ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት አስቤ ነበር፤ ያወጣሁት ቃል ግን «አዝናለሁ» ብቻ ነው። እንግዳ ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚላትን ያህል።

«ልጄ፣ ያን ፋብሪካ ዝጊልን አልልሽም። ሰኞም ይውሰድ፣ ማክሰኞም ይውሰድ። በስድስቱ ቀን ቻልነው። እሁድን ብቻ መልሺልን።»

እኔ እንደወሰድኩባቸው በምን አወቁ? በሰነዱ ሽፋን አይሆንም፤ አላዩትም። ምናልባት አላወቁም፤ ምናልባት የሚያውቁት የፋብሪካ ሰው እኔን ብቻ ስለሆነ ነው። እስከ ሸዋ በር ድረስ የማስበው ይህን ነበር። አሁን ሳስበው ይህን የማስበው ሌላውን ላለማሰብ ነበር።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ፋብሪካ አልሄድኩም። ጠዋት ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። ስህተቴ የገባኝ የካቲት 19 ነው ብዬ ነበር የማምነው። ጥር 4 ላይ በራሴ እጅ «ፓምፕ እንኳ አይሰማም» ብዬ ጽፌያለሁ። አሥራ አራት ዓመት ለተማሪዎቼ፣ ምን ሲበራ ምን ሲጠፋ እንደለካችሁ ካልጻፋችሁ ቁጥራችሁ ዋጋ የለውም ስል ኖሬ።

ከሰዓት በኋላ አባዬ ጓሮ ወጥቶ ሮቶውን ያንኳኳ ጀመር። ወንበር አምጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ያን ጊዜ የጠየቅከኝን እንደገና ጠይቀኝ።»

እጁን ሮቶው ላይ እንዳሳረፈ ቆመ። «በየትኛው ቀን ነው የምትለኪው?»

«እሁድ እሁድ።»

«ፓምፑ እሁድ ይሠራ ነበር?»

«አይሠራም ነበር።»

«መኪናው እሁድ እሁድ በኔ መስኮት ሥር አይደል የሚቆመው? ከአፍሽ ልስማው ብዬ ነው የጠየቅኩሽ። ዝም ስትዪ ዝም አልኩ። እኔም ለሁለተኛ ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ።» ድምፁ ተሰበረ። አባዬን እንዲህ ሆኖ ያየሁት እናቴን የቀበርን ቀን ብቻ ነው። አለቀስኩ፤ እሱም ተወኝ፣ አላባበለኝም።

ከዚያ ለባንኩ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ግልባጭ ለአቶ ዮናስ። ሥራዬ በዚህ እንደሚያበቃ አውቃለሁ። ትምህርት ቤቱ ይመልሰኝ አይመልሰኝ አላውቅም። የመጀመሪያውን ረቂቅ አባዬ መነጽሩን አድርጎ አነበበው። «በልኬቱ ላይ ስህተት መፈጠሩን ለማሳወቅ እወዳለሁ» ይላል።

«ማነው የፈጠረው?» አለኝ።

ቀደድኩት። ሁለተኛውን ስጽፍ ሽፋኑ ላይ ያለችው ሴት ሀያት እንደምትባል፣ ፎቶው የተነሳው እሁድ እንደሆነ፣ በሌላው ቀን ያ ጀሪካን ጭቃ እንደሚይዝ አስገባሁ። የረቡዑን ቁጥር አስገባሁ። እሁድ የሚሠራው ፓምፕ እስኪጣራ እንዲቆም ጠየቅኩ። ከዚያ ተመልሼ ከሁሉም በላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦

«የለካሁት እሁድ እሁድ ነበር፤ እሁድ ፓምፑ እንደማይሠራም አውቅ ነበር።»

ከሥሩ ፈረምኩ። ፊርማው ያው የየካቲት 21 ፊርማዬ ነው።